ለድንገተኛ አደጋ የሚያዝ የኪስ መሣሪያ፤ አመራረጡና አያያዙ

(በራዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



ዛሬ የምናወሳው ነገር በመጠኑ ትንሽ፥ በዋጋውም እምብዛም ያልከበደ፥ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ በሰው ሕይወትና ሞት መካከል የሚገባ ዕቃ ነው። ይኸውም በአንድ እጀታ ውስጥ ስለትን፥ መቀስን፥ ፒንሳን፥ ካቻቢቴንና ይህን የመሳሰለውን አጣምሮ፥ ታጥፎ በኪስ ወይም በቀበቶ የሚያዘው ሁለገብ መሣሪያ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ አምጥቶላችሁ፥ ወይም ከመርካቶ ገዝታችሁ በጠረጴዛችሁ መሳቢያ ውስጥ ያኖራችሁት ብዙዎች እንደምትሆኑ አልጠራጠርም። በመሥሪያ ቤት የታሸገ ካርቶን ለመክፈትና የላላ የወንበር ብሎን ለማጥበቅ ደኅና ያገለግላል። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሰው ቆስሎ ወይም በተገለበጠ መኪና ውስጥ ተይዞ ሲገኝ፥ አምቡላንስ እስኪደርስ ድረስ ባለው ጊዜ የሚጠቅመው የትኛው መሣሪያ ነው? መያዝስ ያለበት ከወዴት ነው?

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወራት ለሥራ ወደ ጎጃም ስንጓዝ በዓባይ በረሓ ቁልቁለት ላይ ያጋጠመን ነገር ነው። አንድ አነስተኛ የጭነት መኪና ከመንገድ ወጥቶ ተገልብጦ አገኘነው። ሾፌሩ በደኅንነት ቀበቶው እንደ ታሠረ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ቀበቶው በአንገቱና በደረቱ ላይ ስለ ጠበቀ የሚተነፍሰው በጭንቅ ነበር። መቆለፊያውም የሰውነቱን ክብደት ስለ ተሸከመ ቢጫኑት አልከፈት አለ። እኔ ዐሥራ አራት ዓይነት ሥራ ይሠራል የተባለለት፥ እጅግም የምመካበት መሣሪያ ነበረኝ። ዳሩ ግን መሣሪያው በሻንጣዬ ውስጥ፥ ሻንጣዬም ከሰው ሁሉ ዕቃ በታች ነበረ። አውጥቼ እስክመለስ ምን ያህል ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም። በዝናብ በራሱት ጣቶቼ፥ ጥፍሬን እያስገባሁ ስከፍት በመጀመሪያ የወጣው የጠርሙስ መክፈቻው፥ ቀጥሎም ካቻቢቴው ሆነ። ሦስተኛውን ስፈልግ፥ በአቅራቢያው ሣር ሲያጭድ የነበረ አንድ ገበሬ ከኋላዬ ደረሰና «ጌታው፥ እስቲ ዞር ይበሉልኝ» አለኝ። ማጭዱን በቀበቶው ሥር አሾልኮ ሊጎትት ሲል አንድ ሽማግሌ «ቆይ! መጀመሪያ ያዙት እንጂ፥ በአናቱ ይወድቃል!» ብለው ጮኹ። ሁለት ሰዎች ትከሻውን ደገፉት፤ ማጭዱም በአንድ ስበት ቀበቶውን ቆረጠው። ሾፌሩ በሕይወት ወደ ሐኪም ቤት ደረሰ። ሽማግሌው ባይኖሩ ኖሮ ከቀበቶ ያዳነውን ሰው በአንገቱ ጥለን እንሰብረው ነበር።

የገበሬው ማጭድ ከእኔ ውድ መሣሪያ የበለጠበትን ምክንያት በኋላ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ማጭዱ በእጁ ነበረ። ለመክፈት ጥፍር አላስፈለገውም። ስለቱም ወደ ውስጥ የጎበጠ ስለ ሆነ ያገኘውን ነገር ሰብስቦ ይይዛል እንጂ አያንሸራትትም። ከዚህም ሌላ ዋና የሆነ ነገር አለ። ድንገት ደርሶ የሚረዳ ሰው በመሣሪያው የቆሰለውን አካል አያክምበትም። የሚያደርገው፥ በእጁና በቁስለኛው መካከል የገባውን ነገር ማስወገድ ነው፤ ይኸውም ልብስ፥ ቀበቶ፥ መስተዋት ወይም ቀለበት ነው። ስለዚህ መሣሪያ ስትመርጡ «ስንት ሥራ ይሠራል?» ብላችሁ ሳይሆን «እነዚህን አራቱን በጨለማና በራሰ እጅ ያስወግድልኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ታሪኩንም ብንመለከት ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ከመነሻው ለሕክምና የታሰበ አልነበረም። በስዊስ አገር በኢባኽ ካርል ኤልዜነር የተባለው ስለት ሠሪ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1884 የሥራ ቤት ከፍቶ በ1891 ለአገሩ ጦር ያቀረበው ሰንጢ፥ ወታደሩ ቆርቆሮ እንዲከፍትበትና ጠመንጃውን እንዲፈታበት የተሠራ ነበር። በ1897 ባስመዘገበው የመኰንኖች ሰንጢ ላይ ደግሞ የወይን ጠርሙስ መክፈቻ ተጨመረበት። አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት ኤውሮጳን ሲዞር፥ በኪሱ ሰንጢ እንጂ ፒንሳ ባለመኖሩ ደጋግሞ ተቸገረ። ከዚህም የተነሣ ፒንሳን ከሰንጢ ጋር የሚያጣምር መሣሪያ አሰበ፤ መብቱን በ1980 አስመዝግቦ በ1983 መሸጥ ጀመረ። እንግዲህ አንደኛው ለጠመንጃ፥ ሁለተኛው ለአሮጌ መኪና የተወለዱ ናቸው። በድንገተኛ አደጋ ጊዜ እኔን ያጋጠመኝን ዓይነት ችግር ቢያመጡ ሊያስደንቀን አይገባም።

ኋላ ግን ሁለቱም ኩባንያዎች ለነፍስ አድን ሠራተኞች የተለየ መሣሪያ አውጥተዋል። ሌዘርማን «ራፕተር» ብሎ የሰየመው በመሠረቱ የሚታጠፍ የሕክምና መቀስ ነው። ከመቀሱ ጋር የቀበቶ መቁረጫ፥ የቀለበት መቁረጫ፥ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚለካ ማስመሪያ፥ የኦክሲጅን ሲሊንደር መክፈቻና የመስተዋት መስበሪያ ጫፍ አለው። ልብ በሉ፤ ሰንጢም ፒንሳም የለበትም። ኩባንያውን ያስጠራውን ፒንሳ ራሱ ኩባንያው ትቶታል። የስዊሶቹ የነፍስ አድን መሣሪያ በበኩሉ ጓንት በለበሰ አንድ እጅ የሚከፈት ስለት፥ የቀበቶ መቁረጫ፥ የመስተዋት መስበሪያና የመስተዋት መጋዝ ያለው ሲሆን፥ እጀታው በጨለማ ያበራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ መቀሱ እንናገር። የሕክምና መቀስ እንደ ልብስ ሰፊ መቀስ ሹል አይደለም። የታችኛው ምላሱ ጫፍ ዱልዱምና ጠፍጣፋ ስለ ሆነ በልብስና በቆዳ መካከል ሳይወጋ ይሾልካል። አንገቱም ጎበጥ ያለ በመሆኑ እጃችሁ ከቁስለኛው አካል ከፍ ብሎ ይሠራል። ሰንጢ ግን በሚንቀጠቀጥ እጅ ሲያዝ፥ ቁስለኛውም በሕመም ሲወራጭ፥ አንዱን ቁስል ፍለጋ ሌላ ቁስል ይጨምራል። እንግዲህ የእኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ፥ ከውዱ ሁለገብ መሣሪያ በፊት የማይታጠፈውን፥ የላስቲክ እጀታ ያለውን ተራ የሕክምና መቀስ ግዙ። ዋጋው ጥቂት ነው፤ ሲደንዝ ይጣላል፤ አይከፈትም አይዘጋምና የሚያደናግር ነገር የለበትም። የሚታጠፈው የሚሻለው ዘወትር በቀበቶው ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው።

ልብስ ሲቆረጥም ሥርዓት አለው። ከእጅጌው ወይም ከሱሪው ጫፍ ጀምሮ ስፌቱን ተከትሎ ወደ ላይ መሄድ ይቀላል። ሰውዬው በስለት ወይም በጥይት ተመቶ እንደ ሆነ ግን በልብሱ ላይ ያለውን ቀዳዳ አትንኩ፤ ከእርሱ ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፥ ልብሱንም አትጣሉ፤ ፖሊስ በኋላ ለምርመራ ይፈልገዋልና። በኪሱ የተገኘውንም ገንዘብና መታወቂያ በሰው ፊት ቆጥራችሁ አስረክቡ። በተለይ ሴቶችና ሽማግሌዎች በመንገድ ላይ ልብሳቸው ሲቀደድ እጅግ ይከብዳቸዋል። «እናቴ፥ ደሙ ከወዴት እንደሚመጣ ለማየት ነው» ብሎ መናገር፥ እንደ ታየም ወዲያውኑ ነጠላ ወይም ጋቢ ማልበስ ይገባል። ማልበሱ ለክብር ብቻ አይደለም፤ የቀዘቀዘ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም።

ሁለተኛው ቀበቶ ነው። የቀበቶ መቁረጫ ማለት ጫፉ የተሸፈነ ትንሽ ማጭድ ማለት ነው። ስለቱ በመንጠቆ ውስጥ ተደብቆ ስላለ ቀበቶ ይገባበታል እንጂ ጣት አይገባበትም። የሽማግሌውን ምክር ግን አትርሱ፤ መጀመሪያ ሰውዬውን ደግፉ። ብዙ ጊዜ ክብደቱን ከፍ ስታደርጉለት መቆለፊያው በጣት ብቻ ይከፈትና መቁረጡም ይቀራል። ካልሆነ ቀበቶው ከተወጠረበት ቦታ፥ ከፊትና ከአንገት ራቅ አድርጋችሁ፥ መቁረጫውን አግድም በማዘንበል ሳቡት። የደኅንነት አየር ከረጢቱ ሳይፈነዳ ቀርቶ እንደ ሆነ ደግሞ ራሳችሁን በመሪውና በሰውዬው መካከል አታስገቡ።

ሦስተኛው መስተዋት ነው፤ በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመኪና መስተዋት ሁለት ዓይነት ነው። የፊተኛው ሁለት መስተዋት በመካከሉ ፕላስቲክ ገብቶበት የተጣበቀ ስለ ሆነ፥ ሲመቱት ይሰነጠቃል እንጂ አይፈርስም። እርሱን የሚከፍተው መጋዝ ብቻ ነው። የጎኑ አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የጠነከረ ነው። ላዩ በሙሉ የታመቀ ስለ ሆነ በክርን ወይም በጫማ ሲመቱት ይቋቋማል፤ በጣም ጠንካራ የሆነ ስስ ጫፍ በአንዲት ነጥብ ላይ ቢጫነው ግን ሙሉው በአንድ ጊዜ እንደ ጨው ይረግፋል። ስለዚህ የመሣሪያውን የብረት ጫፍ ከመስተዋቱ መካከል ሳይሆን ከታችኛው ማዕዘን፥ ከቁስለኛው ርቆ በሚገኘው መስኮት ላይ አሳርፉ፤ ዓይናችሁንም ጠብቁ። በአሁኑ ጊዜ ግን አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች የጎን መስተዋታቸውም እንደ ፊተኛው የተጣበቀ ሆኗል። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በ2019 ስድስት ዓይነት መስበሪያዎችን ሲፈትን፥ አራቱ በሙቀት የጠነከረውን ሰበሩት፤ የተጣበቀውን ግን አንዳቸውም ሊያፈርሱት አልቻሉም። በመኪናችሁ መስተዋት ማዕዘን ላይ በትንንሽ ፊደል «ቴምፐርድ» ወይም «ላሚኔትድ» ተብሎ የተጻፈ ካለ ዛሬውኑ ተመልከቱት። የመጀመሪያው የሚረግፈው፥ ሁለተኛው የማይረግፈው ነው።

አራተኛው ቀለበት ነው። እጅ ሲቃጠል፥ ሲሰበር ወይም ንብ ሲነድፈው ያብጣል፤ ቀለበቱም ጣትን አንቆ ደም ያስቀርበታል። ከማበጡ በፊት ወዲያውኑ ማውለቅ ከሁሉ ይሻላል። ካበጠ በኋላም በመጀመሪያ እጁን ከፍ አድርጎ በሳሙና መሞከር ነው። ይህ ሁሉ እንቢ ካለና ጣቱ መጥቆር ከጀመረ የወርቅና የብር ቀለበት በመቁረጫ ይቆረጣል። የጋብቻ ቀለበቴ እንዴት ይቆረጣል የሚል ቢገጥማችሁ፥ ወርቅ ሠሪ መልሶ እንደሚበይደው ንገሩት። ተንግስተን ካርባይድ የሚባለው አዲስ ዓይነት ቀለበት ግን በዚህ መቁረጫ አይበገርም፤ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ስለ ፒንሳው ብዙ አልናገርም። የተጣመመ የመኪና በር ሽቦ ለመሳብ፥ የቃሬዛ ብሎን ለማጥበቅ ይረዳል። ግን ፒንሳ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ የመንቀል ፍላጎት ያድርበታልና እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። በአካል ውስጥ የተሰካ ብረት፥ እንጨት ወይም የመስተዋት ስባሪ አይነቀልም። የተሰካው ነገር የተቆረጠውን የደም ሥር ደፍኖ ይዞት ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን በጨርቅ ደግፎ እንዳይነቃነቅ አድርጎ መላክ ነው። ስለቱን በክብሪት እሳት ለብልቦ ጥይት ማውጣትም በሲኒማ የሚታይ ጨዋታ ነው።

ደም ሲፈስ የመጀመሪያው መሣሪያ መዳፍ ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈሰው ደም በዚህ አልቆም ሲል ብቻ፥ ከቁስሉ አምስት እስከ ሰባት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፥ ከመገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፥ ቢያንስ አራት ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጨርቅ አሥሮ በጠንካራ እንጨት እያጠነጠኑ ደሙ እስኪቆም ድረስ ማጥበቅ ነው። ሰዓቱም ይጻፍ፤ ሐኪም ሳያይም አይላላ። ገመድ፥ ሽቦና የጫማ ማሠሪያ ሥጋን ይጎዳሉና አይሆኑም። የታጠፈ ሁለገብ መሣሪያ በእንጨቱ ፈንታ ለማጠንጠኛ ይሆናል የሚሉ አሉ። ይሆን ይሆናል፤ ነገር ግን መቀሳችሁን እዚያ አሥራችሁ የቀረውን በምን ትቆርጣላችሁ?

ይህ ሁሉ የሚደረገው ርዳታ ከተጠራ በኋላ ወይም ሌላ ሰው እየጠራ ነው። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፥ የእሳትና አደጋ ሠራተኞች በ939 ይጠራሉ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርትም ይሰጣል። መሣሪያ ለመግዛት ካሰባችሁበት ገንዘብ ጥቂቱን ለዚህ ብታደርጉት ኪሳራ የለውም።

አሁን ወደ ግዢው እንመለስ። በገበያ ውስጥ የታወቁትን ስም የተሸከሙ ብዙ አስመሳዮች አሉ። ስሙን ከማንበብ ይልቅ መሣሪያውን ፈትኑት። ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ የአሮጌ መኪና ቀበቶ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። ያንን ቀበቶ፥ የተጣለ ጂንስ ሱሪና የቆዳ መታጠቂያ ይዛችሁ፥ እጃችሁን በሳሙና ውኃ አርሳችሁ፥ ዓይናችሁንም ጨፍናችሁ መሣሪያውን ከኪስ አውጥታችሁ ክፈቱት። ከዚያ ዓይናችሁን ገልጣችሁ ሦስቱንም ቁረጡባቸው። በቀኝ እጅ ከቻላችሁ በግራም ሞክሩ፤ አደጋ የትኛውን እጃችሁን እንደሚተውላችሁ አይታወቅምና። ሲቆረጥ የሚታጠፍ፥ ከተከፈተ በኋላ የማይቆልፍ፥ ወይም ልብሱን በመቁረጥ ፈንታ በምላሶቹ መካከል የሚያላምጥ መሣሪያ ቢሆን፥ ወዳመጣችሁበት መልሱት። እኔ ያን ዐሥራ አራት ሥራ የሚሠራውን መሣሪያ በዚህ ዓይነት ብፈትነው ኖሮ ዓባይ በረሓ ድረስ ወርጄ ባላፈርኩ ነበር።

አያያዙም ከምርጫው የማያንስ ነገር ነው። በእግር የሚሄድ ሰው በቀበቶው ላይ፥ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፥ ሁለቱም እጆች በሚደርሱበት ያድርገው። መኪና የሚነዳ ግን በዕቃ መጫኛው ወይም በሚቆለፈው የክሩስኮት ሣጥን ውስጥ አያኑረው፤ መኪና ሲጣመም ሣጥኑ አይከፈትም። ቀበቶውን እንደ ታጠቀ እጁን ዘርግቶ ሊያገኘው ይገባል። ዝም ብሎ በወንበር ላይም አይጣል፤ በግጭት ጊዜ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። በሚጣበቅ ማሠሪያ ከመሪው አጠገብ ወይም ከወንበሩ ጎን ማሠር ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ በር ፍተሻ አለ፤ ስለት ያለበት መሣሪያም ከጥበቃ ዘንድ ይቀራል። ማታ ሲወጡ የሚረሳ መሣሪያ ደግሞ ከሌለ አይለይም። ጫፉ ዱልዱም የሆነው መቀስ በዚህም ይሻላል፤ የጥበቃ ሠራተኛውን ቀርቦ ማስረዳት ቀላል ነው። በአውሮፕላን ለምትሄዱ ሰንጢ ያለበት ሁሉ ወደ መንገደኛው ክፍል አይገባም፤ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ይላክ።

የመጨረሻው ጽዳት ነው። ሁለገብ መሣሪያ መጋጠሚያው ብዙ ስለ ሆነ ደም ይደበቅበታል፤ ደም ደግሞ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ሥራው በጓንት ይሠራ። ከሥራው በኋላም መሣሪያው በሙሉ ተከፍቶ በሳሙናና በውኃ በብሩሽ ይታጠብ። ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ለዐሥር ደቂቃ ይዘፈዘፍ። ከዚያ በላይ አይቆይ፤ በረኪና የማይዝግ የተባለውንም ብረት ይበላዋል። በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፥ በደንብ ደርቆ፥ በየመጋጠሚያው ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይደረግበት። በዚህ መሣሪያ በመሥሪያ ቤት ብርቱካን አይላጥበትም፤ ለብርቱካኑ ሌላ ቢላዋ ፈልጉ።